«ኦል ማን ሪቨር»ን ለክራር፣ ለማሲንቆና ለዋሽንት ማቀናበር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሚያዝያ 20

ሰኔ መጨረሻ ላይ በምናቀርበው የሙዚቃ ምሽት አንድ የውጭ አገር የመድረክ ዘፈን በአገራችን መሣሪያዎች አዘጋጅተን እንድንጫወት ከቡድኑ አባላት ጋር ተስማምተናል። የተመረጠው «ኦል ማን ሪቨር»፣ ማለትም «ሽማግሌው ወንዝ»፣ የተሰኘው ዘፈን ነው። በእጃችን ያሉት አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ኮንትራባስና እኔ የምጫወተው ፒያኖ ሲሆኑ፣ የሚዘፍነው ወፍራም ድምፅ ያለው ወጣት ነው። ዘፈኑን ለእነዚህ መሣሪያዎች የማቀናበሩ ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ነው። ይህን ማስታወሻ የምይዘው ምን እንደ ወሰንን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደ ወሰንን ጭምር ለመመዝገብ ነው፤ የዚህን ዘፈን ታሪክ ወደ ጎን ትቶ ዜማውን ብቻ ማቀናበር ይቻላል ብዬ አላምንምና። የምጠቅሳቸው የታሪክ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈኑ የተጻፈው «ሾው ቦት» ለተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ተውኔቱ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዚግፌልድ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ዲሴምበር 27 ቀን 1927 ነበር። ዜማው የጄሮም ከርን፣ ግጥሙና ቃለ ተውኔቱ ደግሞ የኦስካር ሐመርስታይን ዳግማዊ ነው፤ ታሪኩ ኤድና ፈርበር በ1926 ካሳተመችው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዘ ትርዒት የሚያሳይ የመርከብ ቴአትር አለ፤ በመርከቡ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ታሪኩ አርባ ዓመት ያህል ይከተላቸዋል። ዘፈኑን የሚዘፍነው ጆ የተባለ ጥቁር የወደብ ሠራተኛ ነው። በመጀመሪያው ገቢር ይሰማል፤ ከዚያ ዘመን ባለፈ ቁጥር እየተመለሰ ይመጣል።

ብዙ አድማጮች ይህን ዘፈን በባርነት ዘመን ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል የበቀለ ጥንታዊ መዝሙር አድርገው ሲቆጥሩት ኖረዋል። እውነታው ግን ሁለት ነጭ የኒው ዮርክ ሰዎች ለብሮድዌይ መድረክ አስበው፣ አስልተውና ገጣጥመው የሠሩት መሆኑ ነው። ይህን ከመነሻው መያዝ ያስፈልጋል። የሕዝብ ዘፈን ነው ብለን ከተነሣን እንደ ሕዝብ ዘፈን እንጫወተዋለን፤ ያን ጊዜ የሠሪዎቹ ብልሃትም፣ ኋላ ዘፋኙ ያደረገው ነገርም ይጠፋብናል።

ሚያዝያ 24

በታተመው ኖታ ላይ ዘፈኑ የተለመደው ቁልፉ ኢ ፍላት ሜጀር ነው። ለዘፋኛችን ድምፅና ለክራሩ እንዲመች ወደ ሲ ሜጀር አወረድኩት። ከዚያ የዋናውን ክፍል ዜማ በወረቀት ላይ ዘርዝሬ ስመለከተው ከሞላ ጎደል በአምስት ድምፆች ብቻ የተሠራ ሆኖ አገኘሁት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ። እነዚህ የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ናቸው።

ክራር ተጫዋቹ ከሁላችንም በዕድሜም በሙያም የሚበልጡ ሰው ናቸው። የዘፈኑን ስም ሳልነግራቸው የመጀመሪያውን ስንኝ በፒያኖ ብቻ ተጫወትኩላቸው። ጥቂት አዳምጠው ክራራቸውን አነሡና ክሮቹን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ይህማ ትዝታ ነው፤ የማን ነው ልጄ?» አሉኝ። የአሜሪካ የቴአትር ዘፈን መሆኑን፣ ከተሠራም ወደ መቶ ዓመት እንደሚጠጋው ስነግራቸው ለጊዜው ዝም አሉ፤ ቀጥለውም «እንደገና ተጫወቺው» አሉ።

መመሳሰሉ የሚያስደስት ቢሆንም ሊያዘናጋን አይገባም። ቅኝቱ አንድ ሆኖ ሳለ የዜማው ጉዞ ይለያያል። ትዝታ እየዞረ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ ጌጡም ውበቱም በዚያ መመላለስ ውስጥ ነው። የከርን ዜማ ግን ከታች ተነሥቶ በደረጃ እየወጣ ይሄድና ከፍተኛውን ድምፅ የሚነካው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ክራሩ በሚያውቀው የትዝታ አካሄድ ዜማውን እያስጌጠ ከተጫወተ ለጆሮ የሚጥም ነገር ይወጣል፤ የዘፈኑ ዋና ነገር የሆነው ያ ረጅም አቀበት ግን ይሟሟል። ከተጫዋቹ ጋር የተስማማነው በዋናው ዜማ ላይ ጌጥ እንዳይጨመርና ጌጡ በስንኝ እና ስንኝ መካከል ባለው ክፍተት ብቻ እንዲገባ ነው።

ሌላው ጥያቄ የድምፁ ስፋት ነው። ዜማው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ላይኛው አቻው) እና አንድ ሴክስት (የስድስት ድምፅ ስፋት) ይሸፍናል። ብዙ ዘፋኞች የሚፈሩትም ለዚህ ነው፤ ታቹ ሲመቻቸው ላዩ ይከብዳቸዋል፣ ላዩ ሲመቻቸው ታቹ ይጠፋባቸዋል። ባለ ስድስት ክሩ ክራር ደግሞ የሚሸፍነው አንድ ኦክታቭ ነው። በተለመደው ቃኝት ዝቅተኛው ክር ዶ ሲሆን ዘፈኑ የሚነሣው ከዚያ በታች ካለው ሶል ስለሆነ፣ ክራሩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድምፆች እንኳ አያገኛቸውም። ተጫዋቹ የወሰዱት መፍትሔ ቀላልና ጥሩ ነበር፦ አምስቱን ድምፆች ሳይለውጡ መነሻውን ሶል አደረጉት። ክሮቹ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚና ላይኛው ሶል ሆኑ። በዚህ ቃኝት «ሶል ሶል ላ ዶ» የሚለው የዘፈኑ መነሻ በክራሩ ታችኛ ክሮች ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ቦታ ያለው ድምፅም ሞቅ ያለና ክብደት ያለው ነው። ከላይኛው ሶል በላይ ያለውን ዋሽንት ይረከባል።

በገና ይጨመርበት የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ድምፁ ለዘፈኑ ክብደት እንደሚስማማ አልጠራጠርም፤ ሆኖም በገና የጸሎት መሣሪያ ነውና ለመድረክ ዘፈን ልናውለው አልፈለግንም።

ግንቦት 2

የመግቢያውን ክፍል መሥራት ጀመርኩ። ለዚህ የረዳኝ የዘፈኑ አወላለድ ነው። ሐመርስታይን እንዳወሳው፣ የፈርበር ታሪክ ረጅምና የተበታተነ በመሆኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አድርጎ የሚይዘው ነገር ያስፈልግ ነበር፤ በልብ ወለዱ ውስጥ በሁሉም ቦታ የሚገኘው ደግሞ ወንዙ ነበር። ስለዚህ ከርንን ስለ ወንዙ የሚዘፈን አንድ ዜማ ጠየቀው። ከርን ሥራ በዝቶበት አዲስ ዜማ ለመጻፍ ጊዜ እንደሌለው ሲነግረው፣ ሐመርስታይን አስቀድሞ የተጻፈውን የባንጆ ሙዚቃ ወስዶ ፍጥነቱን እንዲያዘገየው ሐሳብ አቀረበ። አገር የሚያውቀው ከባድ ዜማ የተገኘው በፍጥነት ከሚጫወት የባንጆ ሙዚቃ ነው ማለት ነው።

ይህ ዝምድና በኖታው ላይ ይታያል። ተውኔቱ ሲከፈት የከተማው ሰዎች መርከቡን «ኮተን ብሎሰም» እያሉ በስሙ ይቀበሉታል፤ የዚያ አቀባበል ዜማ የሚጀምረው «ዶ ላ ሶል ሶል» ብሎ ነው። «ኦል ማን ሪቨር» ደግሞ የሚጀምረው «ሶል ሶል ላ ዶ» ብሎ ነው። አራቱ ድምፆች ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው። መርከቡ በደስታ ሲመጣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሠራተኛው ስለ ወንዙ ሲዘፍን ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ከርን ይህን ሲያደርግ አድማጩ በጆሮው ለይቶ እንዲያውቀው አልጠበቀም ብዬ እገምታለሁ። ሆኖም ትርዒቱን ለማየት የሚመጡት ሰዎች ደስታና የጭነት ሠራተኛው ድካም ከአንድ ቦታ እንደሚነሡ ሳይታወቀን እንሰማዋለን። እኔ ለዚህ ዘፈን ያለኝ አድናቆት ከምንም በላይ በዚህች ነጥብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስለዚህ መግቢያውን የባንጆውን ቦታ ለክራሩ በመስጠት አዘጋጀሁት። ባንጆ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰዱ ምዕራብ አፍሪካውያን ከአገራቸው መሣሪያዎች በመነሣት የፈጠሩት ነው። ክራርና ባንጆ በአሠራራቸው የአንድ ቤተሰብ አይደሉም፤ ባንጆ አንገት አለው፣ ክሩም በጣት እየተረገጠ ድምፁ ይለወጣል፤ የክራር ክሮች ግን ሁለት ምሰሶና አንድ ቀንበር ባለው ማዕቀፍ ላይ የተወጠሩ ናቸው። ያም ሆኖ የሁለቱም ድምፅ ደረቅና አጭር ስለሆነ፣ ክራሩ «ዶ ላ ሶል ሶል»ን በፍጥነት ሲመታው ማስመሰል የማይታይበት ሕያው ነገር ይወጣዋል። ክራሩ ይህን ይዞ ጥቂት ይጫወታል፤ ከዚያ ምቱ ቀስ በቀስ ይዘገያል፤ ዋሽንቱ አራቱን ድምፆች ገልብጦ ከታች ወደ ላይ ይነፋቸዋል፤ ዘፋኙ በዚያ ላይ ይገባል።

ከቡድኑ ለዚሁ መግቢያ ከበሮ ይጨመርበት የሚል ጥያቄም ቀርቦ ነበር። በ1928 መጀመሪያ ላይ የፖል ዋይትማን ኦርኬስትራ ዘፋኙን ቢንግ ክሮስቢን ይዞ ዘፈኑን በፈጣን የዳንስ ምት ቀርጾታል፤ በወቅቱም በጣም ተወዶ ነበር። ስለዚህ ዘፈኑን ማስጨፈር ከእኛ የሚጀምር አይደለም። ቅጂውን ለቡድኑ አሰማሁ። ዜማው በዚያ ፍጥነት ውስጥ እንኳ አይሞትም፤ ነገር ግን ቃላቱ የሚናገሩትን ሰው መስማት ያቆማል። በዚያው ዓመት ያው ኦርኬስትራ ከጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ ከፖል ሮብሰን ጋር በዝግታ የቀረጸውን ቀጥለን ስናዳምጥ ከበሮው እንደማያስፈልግ ሁላችንም ተስማማን።

ግንቦት 9

ዘፋኛችን የሚዘፍነውን ሥራ ማወቅ ስለሚገባው ዛሬ ያለ ሙዚቃ ስለ ጭነት ተነጋገርን። በግጥሙ ውስጥ ሠራተኞቹ ጀልባ ይጎትታሉ፣ የጥጥ እስር ያነሣሉ። አንድ የአሜሪካ የጥጥ እስር ወደ 500 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 227 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ዘፋኙ ይህን ከሰማ በኋላ «አንሣ» የሚለውን ቃል ሲዘፍን ትንፋሹን የሚይዝበት ቦታ ተለወጠ፤ እኔም አላረምኩትም፤ አዲሱ ቦታ ይሻላል።

ተውኔቱ የተጻፈበት ዓመት ራሱ የወንዙ ዓመት ነበር። በ1927 ጸደይ ሚሲሲፒ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ግድቦቹን ሰበረ፤ ኤፕሪል 21 ቀን ከግሪንቪል ከተማ በላይ ያለው ግድብ ሲደረመስ ሰፊ አገር በውኃ ተዋጠ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በዴልታው ግድብ ላይ የአሸዋ ከረጢት እንዲሸከሙ የተገደዱት፣ ኋላም በመጠለያ ሰፈር በዘበኛ ተጠብቀው እንዲሠሩ የተደረጉት በአብዛኛው ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወንዙ ሁሉን እያወቀ ምንም ሳይናገር እንደሚጓዝ የሚናገር ዘፈን መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ያን ወንዝ በየጋዜጣው ያነበበ ሰው ነው ያዳመጠው። እኛም አባይን ማደሪያ የለውም፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እያልን ያደግን ስለሆንን ወንዝን እንደ ሰው ማናገሩ አይከብደንም፤ ዘፋኛችን ይህን የግጥሙን ክፍል ማስረዳት አላስፈለገውም።

ግንቦት 15

ከባዱ ክፍል መካከለኛው ነው። ዘፈኑ በዋናው ክፍል 32 ባር (እኩል የምት ክፍል) አለው፤ ዋናው ዜማ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ከዚያ ሌላ ዜማ ጣልቃ ይገባል፣ ከዚያ ዋናው ዜማ ተመልሶ ወደ ፍጻሜው ይወጣል። ስለ ላብና ስለ ሰውነት ሕመም የሚናገረው ጣልቃ ገቡ ክፍል ዜማውን የወሰደው ከዘፈኑ መግቢያ ስንኝ ነው፤ ቁልፉም ወደ ማይነር ይዞራል። በእኛ ቁልፍ ኢ ማይነር ማለት ነው። አጃቢው ስምም (ኮርድ፣ ማለትም በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች) ከኢ ማይነር ወደ ቢ ሰባት፣ ከቢ ሰባት ወደ ኢ ማይነር እየተመላለሰ ይሄዳል፤ ጭነት የሚያነሣ ሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደሚመላለሰው ያለ ነው።

በዚህ ስምም ውስጥ ኤፍ ሻርፕና ዲ ሻርፕ አሉ። ክራራችን ሁለቱም የሉትም። ክሮቹን በዘፈኑ መካከል መቃኘት አይቻልም። ክፍሉን ባቲ ማይነር ወደተባለው ሌላው የአገራችን ቅኝት መሳብ ይቻል ነበር፤ የሚያጓጓም ሐሳብ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም መሣሪያዎች ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ። ሆኖም ከርን አምስቱን ድምፆች በዚህ ቦታ ሆን ብሎ ነው የተዋቸው። እስከዚህ ድረስ የሰማነው ዜማ ሰፊና የተረጋጋ ነው፤ ወንዙ ነው። እዚህ ላይ ሰዎቹ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ጥበት ይመጣል፤ ግማሽ ድምፅ የሌለበት ዜማ ግማሽ ድምፅ ያለበት አገር ውስጥ ይገባል። ይህን ወደ ባቲ ብንመልሰው የወንዙና የሰዎቹ ልዩነት ይደመሰሳል።

የመጣልኝ መፍትሔ ክራሩን ማሳረፍና ክፍሉን ለማሲንቆ መስጠት ነው። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ቢኖረውም ጣት የሚያርፍበት ቦታ በጆሮ የሚመረጥ በመሆኑ የሚያቅተው ድምፅ የለም። ኤፍ ሻርፕን በትክክል ለማግኘት ተጫዋቹ ለብዙ ሰዓት ከፒያኖው አጠገብ ተቀምጦ ሠራ። የመጨረሻውን ውጤት የሰጠው ግን የጣቱ ሳይሆን የደጋኑ ለውጥ ነው፤ ረጅም ስበቱን ትቶ በእያንዳንዱ ምት ላይ ደጋኑን አጭርና ጫን ባለ አሳሳብ ሲያንቀሳቅሰው ድምፁ ሻካራ ሆነ፣ ከኮንትራባሱ ጋርም ገጠመ። በዚህ ክፍል ፒያኖው ሁለቱን ስምሞች በታችኛው እጅ ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ መጫወት ማሲንቆውን ይሸፍነዋል።

ክራሩ ከዚህ በኋላ ተመልሶ ሲገባ አምስቱ ድምፆች እንደ አዲስ ይሰማሉ። ተጫዋቹም «አሁን ዝም ማለቴ ገባኝ» ብለውኛል።

ግንቦት 24

የቃላቱን ጉዳይ ከዚህ በላይ ማዘግየት አልተቻለም። ይህን ክፍል በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ የቀረው ሥራ በሙሉ የሚወሰነው በዚህ ነውና።

ከርንና ሐመርስታይን ጆ የተባለውን ሠራተኛ ሲያስቡ ያሰቡት ፖል ሮብሰንን ነበር፤ ነገር ግን ዝግጅቱ በመዘግየቱ ሮብሰን በኒው ዮርኩ ትርዒት ላይ ሊገኝ አልቻለም። በመጀመሪያው ምሽት ዘፈኑን የዘፈነው የቴክሳሱ ተወላጅ ባሪቶን ጁልስ ብሌድሶ ነው። ሮብሰን የገባው በሜይ 1928 ለንደን ውስጥ በድሩሪ ሌን ቴአትር ነው፤ ከዚያ በ1932 በብሮድዌይ፣ በ1936 ደግሞ ጄምስ ዌል ባዘጋጀው ፊልም ላይ ተጫውቶታል። በፊልሙ ሮብሰን ወደቡ ላይ ተቀምጦ ይዘፍናል፤ ካሜራው ዙሪያውን ይዞረዋል፤ ከዚያ የጥጥ እስር ሲሸከምና እስር ቤት ሲገባ የሚያሳዩ ምስሎች ይከተላሉ።

በመጀመሪያው ጽሑፍ የተውኔቱ የመክፈቻ ቃል ጥቁሮችን የሚያዋርድ ስድብ ነበር። ሐመርስታይን ቃሉን ያስገባው የሠራተኞቹን ኑሮ ከነ ምሬቱ ለማሳየት ነው የሚሉ አሉ፤ ዘፋኞቹ ግን በየምሽቱ በአፋቸው ማለት የነበረባቸው እነሱ ናቸው። በ1936ቱ ፊልም በሌላ፣ ግን አሁንም ንቀት ባለበት ቃል ተተካ፤ በ1946 ተውኔቱ ዳግም ሲወጣ ለዘመኑ ሻል ባለ ቃል ተለወጠ። በ1946 በወጣ ሌላ ፊልም ላይ ደግሞ ፍራንክ ሲናትራ ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በነጭ መድረክ ላይ ቆሞ ይህንኑ ዘፈን ዘፈነ። ድምፁ ያማረ ነው። የጭነት ሠራተኛው ግን በዚያ መድረክ ላይ የለም።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ሮብሰን ራሱ ነው። ከተውኔቱ ውጭ፣ በራሱ ኮንሰርቶች ላይ፣ በ1930ዎቹ ዓመታት ቃላቱን እየለወጠ መዝፈን ጀመረ። ሐመርስታይን ጆን እንደዚያ ሽማግሌ ወንዝ መሆንን እንዲመኝ አድርጎት ነበር፤ ሮብሰን እንደዚያ መሆን አልፈልግም አስባለው። ሐመርስታይን ጥቂት ሰክሮ እስር ቤት ስለ መግባት ጽፎ ነበር፤ ሮብሰን ጥቂት ወኔ በማሳየት እስር ቤት ስለ መግባት ዘፈነ። በመጨረሻው ስንኝ ላይ ጆ መኖር እንደ ሰለቸውና ሞትን እንደሚፈራ ይናገር ነበር፤ ሮብሰን በዚያ ፈንታ ከማልቀስ ይልቅ እንደሚስቅና እስኪሞት ድረስ መታገል እንዳለበት አደረገው። ሐመርስታይን አልተደሰተም፤ ቃሎቹን የመለወጥም ሆነ ሌላ ሰው እንዲለውጣቸው የመፍቀድ ሐሳብ እንደሌለው በግልጽ ተናግሯል።

ጸሐፊው ለቃሉ መቆርቆሩ መብቱ ነው። ሆኖም ኖታውን ይዤ ሁለቱን ግጥሞች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር አያለሁ። ጆ መኖር ሰለቸኝ በሚልበት ቦታ ዜማው አይወርድም፤ ይወጣል። ከርን በዚያ ስንኝ ላይ ከፍተኛውን ድምፅ ለመድረስ መንገድ ጀምሯል። ቃሉ ሲዝል ዜማው ኃይል ይጨምራል። አንድ ሰው ይህ ተቃርኖ ራሱ ውበት ነው ሊል ይችላል፤ ድካሙ የሰውየው፣ ኃይሉ የወንዙ ነው ብሎ። ሮብሰን ግን ኃይሉን ከወንዙ ወስዶ ለሰውየው ሰጠው፤ የእሱ ቃላት ከዜማው ጋር አብረው ይወጣሉ። ዜማውን አንዲት ድምፅ ሳይነካ ትርጉሙን ከሥሩ ለወጠው። ዘፈኑን ሁለት ሰዎች ሠሩት ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ እስከዚህ ድረስ ስመጣ ሦስተኛውን ሠሪ ሮብሰንን አለመቁጠር አይቻለኝም።

ሮብሰን ለዚህ ዋጋ ከፍሎበታል። በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት በ1950 ፓስፖርቱን ተነጠቀ፤ የተመለሰለት በ1958 ነው። በዚያ መካከል ከአገር መውጣት ስለማይችል በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ቆሞ ማዶ ላሉት ዘፈነ፤ በ1957 ደግሞ በውቅያኖስ ሥር በተዘረጋ የስልክ መስመር ብሪታንያ ውስጥ ለተሰበሰቡ አድማጮች ዘፈነ። ኖቬምበር 9 ቀን 1960 ሲድኒ ሄዶ ገና በግንባታ ላይ የነበረውን ኦፔራ ቤት ሲጎበኝ፣ በመወጣጫ እንጨቶች መካከል ለነበሩት ግንበኞች ከዘፈናቸው አንዱ ይህ ዘፈን ነበር። ጭነት ለሚያነሡ ሰዎች የተዘፈነ የጭነት ዘፈን ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ሥራ ደግሞ በቀጥታ የሚነካን ሌላ ነገር አለ። ሮብሰን በኋለኞቹ ዓመታት ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት በጥልቀት ያጠና ነበር። የአፍሪካን፣ የእስያን፣ የአውሮፓንና የጥቁር አሜሪካውያንን የሕዝብ ዜማዎች እያነጻጸረ፣ ይህ ቅኝት የብዙ ሕዝቦች የጋራ መሠረት ነው ብሎ ይከራከር ነበር፤ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻም ክርክሩን በዝርዝር አስፍሮታል። ክራር ተጫዋቻችን ዘፈኑን በሰሙ ጊዜ «ይህማ ትዝታ ነው» ማለታቸው ሮብሰንን የሚያስገርመው አይመስለኝም።

ሰኔ 3

የትኛውን ግጥም እንደምንይዝ ሙሉ ቡድኑ ተሰብስቦ ተነጋገረ። ዘፋኛችን የሮብሰንን ብቻ መዝፈን ፈለገ። «የመጀመሪያውን ስዘፍን ድምፄ ራሱ እምቢ ይለኛል፣ መምህር» አለኝ። ክራር ተጫዋቹ ደግሞ የደከመ ሰው ደክሞኛል ማለቱን ማስቀረት ትክክል እንዳልሆነ፣ ያልደከመ ሰው ትግል ምን እንደሆነም እንደማይገባው ተናገሩ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የተወሰነው እንዲህ ነው። ዘፈኑ ሁለት ጊዜ ይዘፈናል። በመጀመሪያው ዙር የሐመርስታይን ግጥም፣ በሁለተኛው የሮብሰን። ስድብ ያለበትን መግቢያ ስንኝ አንዘፍነውም፤ ዜማውን ማሲንቆው ያለ ቃል ይጫወተዋል፣ ይህም ኋላ በመካከለኛው ክፍል ያው ዜማ ሲመለስ አድማጩ እንዲያውቀው ይረዳል። የቡድኑ ሌላ ሐሳብ ግጥሙን ወደ አማርኛ መመለስ ነበር፤ ለጊዜው ትተነዋል፤ የሁለቱ ግጥሞች ልዩነት በጥቂት ቃላት ላይ ያረፈ ስለሆነ አድማጩ ያንን በራሱ በመጀመሪያው ቋንቋ እንዲሰማውና ትርጉሙን በእጁ ባለው ወረቀት እንዲከታተል መረጥን።

ሁለቱ ዙሮች በፍጥነት እንዲለያዩ አላደረግኩም። ሁለተኛውን ማፍጠን በርካሽ የሚገኝ ድምቀት ነው። ልዩነቱን ያስቀመጥኩት በምቱ አያያዝ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ዘፋኙ ቃሉን ካሰኘው ያስረዝማል፣ ፒያኖው ይጠብቀዋል፤ በሁለተኛው ኮንትራባሱ ምቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ዘፋኙም ከዚያ አይወጣም። ዛሬ በዚህ መልክ ስንሞክረው የሁለተኛው ዙር መጨረሻ ያለ ምንም ጩኸት ከበደ።

ሰኔ 10

ፍጻሜው ላይ ያለው ከፍተኛ ድምፅ በእኛ ቁልፍ ላይኛው ሚ ነው። ዘፋኙ በሙሉ ድምፁ ይደርስበታል፤ ይሁን እንጂ ዋሽንቱ በዚያው ድምፅ ላይ ሲጨመርበት ሰውየው ይጠፋል። ስለዚህ ዋሽንቱ ከመጨረሻው አቀበት በፊት ሁለት ባር ሲቀረው ይቆማል፤ ክራሩም ታችኛዎቹን ሶልና ዶ ብቻ ይመታል። ማሲንቆው ሚ ላይ ከዘፋኙ ጋር አይገናኝም፤ ከታች ሶልን በረጅም ደጋን ይይዛል። የመጨረሻው ድምፅ ስንት ምት እንደሚቆይ ለዘፋኙ ትንፋሽ ተትቷል፤ እኛ የምንለቀው እሱ ሲለቅ ነው።

ለመርሐ ግብሩ ወረቀት የሚሆነውን ጽሑፍም ዛሬ አስረክቤአለሁ። በላዩ የሰፈረው ይህ ነው፦ ዜማ ጄሮም ከርን፤ ግጥም ኦስካር ሐመርስታይን ዳግማዊ፤ በሁለተኛው ዙር የሚሰሙት ለውጦች የፖል ሮብሰን። ከሥሩ የሁለቱ ግጥሞች ትርጉም በሁለት ዓምድ ይታተማል፣ የተለወጡት መስመሮች ጎን ለጎን እንዲገጥሙ። ማተሚያ ቤቱ ቦታ አይበቃም ብሎ አንዱን ዓምድ እንዲያወጣ አልፈቀድኩም፤ ፊደሉ አነስ ብሎም ቢሆን ሁለቱም ይግቡ ብያለሁ። የቀረን የአዳራሹን ድምፅ መፈተሽና የክራሩ ክሮች በአዳራሹ ሙቀት ምን ያህል እንደሚላሉ ማየት ነው፤ ለዚህም ተጫዋቹ ከትርዒቱ አስቀድመው መጥተው በቦታው እንዲቃኙ ተነጋግረናል።